ደም ከሆነ ውሰዱ

ወንዶች ደም ለመስጠት አያንገራግሩም። መርፌ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ የሚያዞሩ፣ ላስቲኩ ክንዳቸው ላይ ሲጠብቅ ጥርሳቸውን የሚነክሱ አሉ፤ ተነሥቶ የሚሄድ ግን የለም። ነገሩ የሚለወጠው ያቺን የዘር ፈሳሽ መቀበያ፣ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ስናቀርብላቸው ነው። አንዱ ድንገት ስልክ ይደወልለታል። ሌላው ያቆመው ባጃጅ ትዝ ይለዋል። ደፋር የሆነው ደግሞ በግልጽ ይናገራል፦ «ደም ከሆነ ውሰዱ፤ ይሄኛው ግን ይቅርብኝ።»

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የግል ላቦራቶሪ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» በሚባልበት አገር ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። የእኔ ድርሻ ናሙና መቀበል፣ መመርመርና ቁጥሩን በትክክል ጽፎ ለሐኪሙ ማድረስ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ሰዎች ማንም እንዳይለያቸው አድርጌ ቀያይሬአቸዋለሁ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ከሽምብጥ የተነሣ ወሬ ቀበሌ 14 ሳይደርስ አያድርም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቀደም ስልኩን ይዞ መጣና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ስለወጣ አንድ የጃፓን ጥናት አሳየኝ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። «እነሆ፤ ከዕቃዋ ተገላገልን» አለኝ እየሳቀ። ጥናቱን ያካሄዱት ቶኪዮ በሚገኘው የቶሆ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ናቸው። ከ2011 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት የልጅ ነገር አስጨንቋቸው ሆስፒታል የሄዱ 3,662 ወንዶች ደማቸውንም የዘር ፈሳሻቸውንም ሰጥተው ነበር። ተመራማሪዎቹ ከደሙ የተገኙትን የሆርሞን ቁጥሮች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጡት፤ ከዚያም የዘር ፈሳሹን ሳያይ ውጤቱ ደህና ይሁን ዝቅተኛ እንዲገምት አስተማሩት። የመለየት ችሎታው 74 ከመቶ ገደማ ሆነ። ከሆርሞኖቹ ሁሉ ይበልጥ የረዳው ዘር እንዲመረት የሚያዝዘው ኤፍኤስኤች ነበር፤ የወንዴው ሆርሞን የቴስቶስትሮንና የሴቴው ሆርሞን የኢስትራዲዮል ንጽጽር ሁለተኛ፣ ቴስቶስትሮን እንዲመረት የሚያዝዘው ኤልኤች ሦስተኛ ወጡ። በጣም የሚገርመው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ቆለጣቸው ዘር ማምረት ስላቃተው በፈሳሻቸው ውስጥ አንድም የዘር ህዋስ ያልተገኘባቸውን ሰዎች ሞዴሉ በ2021 እና በ2022 መረጃ ሲፈተን አንዳቸውንም ሳይስት ለይቷቸዋል።

ባልደረባዬ ይህን ሲያነብልኝ እኔ የታየችኝ አንዲት ሴት ናት። በመርዓዊ መስመር ከገጠር የመጣች፣ የምርመራ ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል የያዘች። ወረቀቶቹን ባንኮኒው ላይ አንድ በአንድ ዘረጋችልኝ፤ የማኅፀን አልትራሳውንድ፣ የታይሮይድ ምርመራ፣ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን፣ ቀለም ተሰጥቶ በራጅ የታየ የማኅፀን ቱቦ፣ እንደገና አልትራሳውንድ። ሁሉም ደህና ነው የሚሉት። «የባለቤትሽስ ውጤት፣ እህቴ?» ብዬ ጠየቅኋት። ግራ ገብቷት አየችኝ። «እሱ ምን ሆኖ ዶክተር? ጤነኛ ነው እኮ። ሲያርስ ውሎ አይደክመውም።»

እንደ እርሷ ያሉ ሴቶችን የማላይበት ሳምንት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜው አንድ ወቅት ላይ ልጅ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሾቹ ገደማ ደግሞ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። ይህ ማለት ፌስታሉን የተሸከመችው ሴት ለዓመታት ስትወጋ፣ ስትታሽና ራጅ ስትነሣ የኖረችው የጉዳዩ ግማሽ ጨርሶ ሳይታይ ነው። አማት ነገር ታበዛለች፤ ጎረቤት ሲጠይቅ ዝም ማለት አለ፤ በየክርስትናውና በየሠርጉ «ለከርሞ ደግሞ በአንቺ» የሚል ምርቃት ይዘንባል። እሱን ማንም አይመርቀውም፤ ማንም አይጠረጥረውማ።

ባል ግድ የለውም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ይጨነቃሉ። ከጣና ገዳማት አንዱ የሆነው ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ ስለዚህ ለልጅ የተሳለ ቤተሰብ ስለቱን በጀልባ የሚያደርሰው ባልየው ነው። ጧፍና ዣንጥላ ይዞ፣ ውኃውን ተሻግሮ፣ በባዶ እግሩ ቆሞ ስለ ሚስቱ ማኅፀን ይለምናል። ያን ያህል የሚደክም ሰው ለምን የእኛን ደረጃ መውጣት ያቅተዋል? ለብዙ ጊዜ ኩራት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ቢያንስ ሁለት ምክንያቶች እንዳሉ አያለሁ።

አንደኛው ይታወቃል። የምርመራው ውጤት መጥፎ ከሆነ ወንድነቴ ይቀራል የሚል ፍርሃት ነው። ዘር አለመኖርና ወንድነት አለመኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጢሙም ድምፁም ጉልበቱም የተሟላ፣ በመኝታ ቤቱ አንዳች ያልጎደለው ሰው የዘር ህዋስ ላይኖረው ይችላል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ! ሰምተው ይነቀንቃሉ፤ አያምኑኝም።

ሁለተኛው ብዙ አይነገርለትም፤ እሱም ሃይማኖት ነው። ናሙናው የሚገኘው በራስ እጅ ነው። የንስሐ አባቱን የሚፈራ ምእመንም ሆነ ጁምዓው የማያልፈው ሙስሊም ወንድማችን ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። በኦሪት ዘፍጥረት ዘሩን በምድር ላይ ያፈሰሰውን የአውናንን ታሪክ የሚጠቅሱልኝ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ፌዝ መልስ አይሆንም። በሕክምናው በኩል ከሚስት ጋር በሚደረግ ግንኙነት ናሙና መሰብሰቢያ የሚሆን፣ ዘር የማይገድል ልዩ ኮንዶም አለ፤ ግን በየፋርማሲው አይገኝም፤ ከሱቅ የሚገዛው ተራ ኮንዶም ደግሞ የዘር ህዋሱን ስለሚጎዳ ውጤቱን ያበላሻል። እንዲህ ላለው ሰው ነው የደም ምርመራ እውነተኛ ዋጋ ያለው። ቢያንስ አንድ ነገር ሳይሳቀቅ ሊሰጠን ይችላል።

ጾሙም አለ፤ ይህን ሐኪሞቹም ሁልጊዜ አይጠይቁትም። ልጅ የማጣት ችግር አለ የሚባለው ጥንዶች ያለ መከላከያ፣ ሳያቋርጡ ለ12 ወራት አብረው ኖረው እርግዝና ሲጠፋ ነው። አጥብቀው የሚጾሙ ባልና ሚስት ግን በዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከዚያም በሐዋርያት፣ በፍልሰታና በነቢያት፣ በየሳምንቱም ረቡዕና ዓርብ መኝታ ይለያሉ። ዓመቱ ሲመነዘር የቀረው ግማሽ ያህል ነው፤ ከዚያም ውስጥ የሴቷ የመፀነሻ ቀናት በጾም ላይ የሚውሉበት ወር ብዙ ነው። አንዳንዱ ጥንድ መካን ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ችግር ያለበት ነው። ደግሞም ለዘር ምርመራ ከግንኙነት መቆጠብ የሚያስፈልገው ከ2 እስከ 7 ቀን ነው። የሁለት ወር ጾም ፈትቶ በማግስቱ ናሙና ይዞ የመጣ ሰው ውጤቱ ብዛቱ ከፍ፣ እንቅስቃሴው ደከም ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከፋሲካ ማግስት የሚመጡትን ወንዶች ከምንም በፊት ይህንን እጠይቃቸዋለሁ።

ወደ ደሙ ልመለስ። ኤፍኤስኤች በራስ ቅላችን ሥር ካለች የአተር ፍሬ ከምታህል ፒቱታሪ ዕጢ ይመነጫል፤ ሥራው ቆለጥን «ዘር አምርት» ብሎ ማዘዝ ነው። ቆለጡ በደንብ ሲሠራ ኢንሂቢን ቢ የተባለ ሆርሞን መልሶ ይልካል፤ ዕጢዋም ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ጣና ዳር ቆሞ ከማዶ ታንኳ የሚጠራ ሰው አስቡ። ቀዛፊው «አቤት» ካለ ዝም ይላል፤ መልስ ካጣ ግን ጩኸቱን ይጨምራል። ኤፍኤስኤች ከፍ ብሎ ሲታይ ማንም የማይመልስለት ጩኸት ነው፤ ማምረቻው ተጎድቷል ማለት ነው። ምክንያቱ በጉልምስና የያዘ ጆሮ ደግፍ ወደ ቆለጥ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ከልጅነት ያልወረደ ቆለጥ፣ አብሮ የተወለደ የክሮሞዞም መዛባት ወይም የካንሰር መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። ኤፍኤስኤችና ኤልኤች ሁለቱም በጣም ዝቅ ብለው፣ ቴስቶስትሮንም አብሮ ሲወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀዛፊው ጉልበት አለው፣ የጠራው ግን የለም። ይህ ዓይነቱ ጥቂት ሰው ላይ የሚገኝ ቢሆንም ከወንድ መካንነት ዓይነቶች ሁሉ በመድኃኒት በደንብ ከሚታከሙት አንዱ ነው፤ የጎደለው ሆርሞን በመርፌ ለወራት ሲሰጥ ዘር የሚመለስላቸው ብዙ ናቸው። ፕሮላክቲን ሲበዛም እንዲሁ ዕጢዋ ላይ ያለ ትንሽ እብጠት ሊሆን ይችላል፤ እሱም በእንክብል የሚታከም ነው።

እንዲህ ሲታይ ደሙ የሚናገረው ብዙ ነው። ዘር ፈሳሽ «የለም» ወይም «አነሰ» ሲል ደም «ለምን» የሚለውን ይጠቁማል።

በአንድ ወቅት የመጣ ወጣት ነበር፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ጂም የሚያዘወትር። ከተጋባ ሁለት ዓመት አልፎታል። የደሙ ውጤት ሲወጣ ቴስቶስትሮኑ ከወረቀቱ ክልል በላይ ሄዷል፤ ኤፍኤስኤችና ኤልኤች ግን ከዜሮ ብዙም አይርቁም። ቀስ ብለን ስንጠይቀው ጡንቻ ለማጎልበት መርፌ ይወጋል። የወጋው ደግሞ ያው ቴስቶስትሮን ነው። ከውጭ ሲገባ ዕጢዋ በቂ አለ ብላ ማዘዟን ታቆማለች፤ ቆለጡም ዘር ማምረቱን ይተዋል። ወንድነት ይጨምራል ብሎ የገዛው መርፌ ልጁን እየከለከለው ነበር ማለት ነው። መርፌው ሲቆም ለብዙዎች ማምረቱ ይመለሳል፤ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። ይህን የዘር ፈሳሽ ምርመራ ብቻውን በፍጹም አይነግረንም ነበር። በነገራችን ላይ ለፀጉርና ለጥፍር እየተባለ የሚሸጠውን ባዮቲን አብዝቶ የሚወስድ ሰው በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ልክ ይህንኑ የሚመስል የሐሰት ውጤት ሊያሳይ ይችላል፤ ኤፍኤስኤቹ ያለ አግባብ ዝቅ፣ ቴስቶስትሮኑ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ስለዚህ ደም ከመቅዳቴ በፊት የሚወስዱትን ቪታሚን ሁሉ እጠይቃለሁ። ሰዓቱንም እመርጣለሁ፤ ቴስቶስትሮን በጠዋት ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ስለሚል ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መቀዳት አለበት። ከምሳ በኋላ ተቀድቶ «ወንድነትህ አንሷል» የተባለ ሰው ጠዋት ሲመለስ ደህና ሆኖ ይገኛል።

አሁን የሚያስፈራኝን ልናገር።

ውጤት የምናትምበት ወረቀት ላይ ከሰውየው ቁጥር ጎን የማሽኑ አምራች የሰጠው ክልል አብሮ ይታተማል። በብዙ ቦታ ለወንድ የሚሰጠው የኤፍኤስኤች ክልል ከ1.5 እስከ 12.4 ነው። የሰውየው ቁጥር 9 ከሆነ ማሽኑ ዝም ይላል፤ ቀይ ምልክት የለም፣ ቀስት የለም። ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ሲጠቀሙበት የኖሩት የመለያ ቁጥር ግን 7.6 ነው። የዘር ህዋስ ጨርሶ ያልተገኘበት ሰው ኤፍኤስኤቹ ከ7.6 በላይ፣ ቆለጡም ከ4.6 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ከሆነ ችግሩ የማምረቻው ሊሆን የሚችልበት ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው። የወረቀቱ ክልል የተሠራው «ይህ ሰው መውለድ ይችላል?» የሚለውን ለመመለስ አይደለም። እኔ ቁጥሩ 8 ወይም 9 ሲሆን በእስክሪብቶ አከብበዋለሁ። ደንቡ አያዝም፤ ሐኪሙ ግን ያየዋል።

ከዚህ የባሰም አለ። ደሙ እንከን የማይወጣለት፣ ነገር ግን በፈሳሹ ውስጥ አንድም ዘር የሌለው ሰው አለ። ቆለጡ ያመርታል፤ መውጫው ተዘግቷል። ቀድሞ የያዘና በደንብ ያልታከመ የአባላዘር በሽታ ቱቦውን ሊያጠብቀው ይችላል፤ የቡአ ቀዶ ሕክምና ሲሠራ ሊጎዳ ይችላል፤ ቱቦው ሳይፈጠርለት የተወለደም አለ። ዕጢዋ ስለ መውጫው ምንም አታውቅም፤ ምርቱ እንዳለ እስከተነገራት ድረስ ጸጥ ትላለች። ኤፍኤስኤች 4 ወይም 5፣ ቴስቶስትሮን ደህና፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። በቆለጥ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥም እንዲሁ ነው፤ ከመቶ ወንዶች በ15ቱ ገደማ የሚገኝና ለመካንነት ከሚመረመሩት ደግሞ ከሦስት በአንዱ በላይ የሚታይ ችግር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የደም ሆርሞን ላይ ምልክት አይተውም። የሐኪም እጅ ይፈልጋል።

እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። ሆርሞኑን ብቻ ተመርምሮ ወረቀቱን ለእናቱ ሰጠ። እናቲቱ ደግሞ ወረቀቱን በልብስ ሣጥን አስቀምጠው እንደ መታወቂያ ለመጣው ሁሉ ያሳዩ ጀመር፤ «ልጄ ንጹሕ ነው፤ ደሙ ተመርምሯል።» ከዚያ ቀን በኋላ ሚስቲቱ መሟገቻ አጣች። ቀድሞ ጥርጣሬ ብቻ የነበረው ነገር አሁን ማኅተም ያለበት ማስረጃ ሆነባት። በስንት ጉትጎታ ዕቃዋን የተቀበለው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ማይክሮስኮፑ ሥር አንድም አልነበረም። ለእንዲህ ያለው ሰው ሕክምና መኖሩ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበው። ዘርን እንቁላል ውስጥ በቀጥታ የማስገባት ዘዴ ከ1992 ጀምሮ ለእርግዝና በቅቷል፤ ከዚያ ወዲህም ዘሩን ከቆለጡ በመርፌ አውጥቶ እንዲሁ ማድረግ ተችሏል፤ በአገራችንም አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። የሚስት ዕድሜ ግን አይጠብቅም። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የሄደው የእርሷ እንቁላል ነው።

ስለዚህ ባልደረባዬ «ተገላገልን» ሲል መልሴ «ቆይ እስቲ» ነበር። 74 ከመቶ የሚለው ቁጥር ራሱ ሲፈታ ምን ማለት ነው? የዘር ውጤቱ ዝቅተኛ የሆነ አንድ ሰውና ደህና የሆነ አንድ ሰው ጎን ለጎን ብናስቀምጥ፣ ሞዴሉ ከመቶ ጊዜ በ74ቱ አደጋው የማን እንደሚበልጥ በትክክል ያመለክታል፤ በ26ቱ ይስታል። ለማጣሪያ መጥፎ አይደለም። ለፍርድ ግን አይበቃም። ሞዴሉ የተማረባቸውም ሰዎች ቶኪዮ ውስጥ ችግር አለ ብለው በገዛ እግራቸው ሆስፒታል የሄዱ ወንዶች ናቸው፤ ዳንግላ ገበያ ላይ ከሚገኝ ጎረምሳ ጋር ልኬታቸው አንድ ነው ብሎ መገመት አይቻልም። ደግሞ አንዳቸውንም ሳይስት የለያቸው እነማን እንደሆኑ ልብ በሉ፤ ማምረቻቸው የቆመባቸው፣ ኤፍኤስኤቻቸው ጣራ የነካ ሰዎች ናቸው። እነሱን ያለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አንድ ንቁ ሐኪም ብዙዎቹን ይለያቸው ነበር። አጥኚዎቹ ራሳቸው ዘዴውን ያቀረቡት ከዘር ምርመራ በፊት እንደሚደረግ የመጀመሪያ ማጣሪያ እንጂ እንደ ምትክ አይደለም። ይህን ዐረፍተ ነገር ነው የዜና አውታሮች ሲያወሩት የሚዘሉት።

መስመሩ እንዴት እንደተሰመረም ማወቅ ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛ ወሰን ብሎ ያስቀመጠው መጠኑ 1.4 ሚሊሊትር፣ በአንድ ሚሊሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ህዋስ፣ ከእነሱም 42 ከመቶ የሚንቀሳቀሱ ነው። ሦስቱን ስታባዙ 9.408 ሚሊዮን ይመጣል። ጃፓናውያኑ ከዚህ በላይ ያለውን ደህና፣ በታች ያለውን ዝቅተኛ ብለው ከፈሉ። እነዚህ ወሰኖች የወጡት ደግሞ ሚስቶቻቸው በ12 ወር ውስጥ ካረገዙላቸው አባቶች ነው፤ በእያንዳንዱ ልኬት ከመቶው አምስቱ ከወሰኑ በታች ነበሩ። ማለትም ከመስመሩ በታች ሆኖ አባት የሆነ አለ፤ በላይ ሆኖ ያልሆነም አለ። ቁጥር ላይ እየኖርኩ ለቁጥር ያለኝ አክብሮት የጨመረውም የቀነሰውም ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ነው።

ከሥራዬ ሁሉ የምወደው የዘር ፈሳሽ ምርመራውን ነው ብል ሰው ይስቅብኛል። ፈሳሹ ሲመጣ እንደ ረጋ ነገር ወፍራም ነው፤ 37 ዲግሪ ሙቀት ላይ አስቀምጠን እስኪቀጥን እንጠብቃለን፤ ከ15 ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት፣ ቢዘገይ አንድ ሰዓት። ከዚያ አንዲት ጠብታ በመስታወት ላይ አድርጌ ሌንሱን ሳስተካክል መጀመሪያ ብዥታ ነው፤ ቀጥሎ ድንገት ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። ቀጥ ብሎ የሚሮጥ አለ፤ ቦታው ላይ የሚሽከረከር አለ፤ ጭራውን ብቻ የሚያወናጭፍ አለ። አራት ማዕዘን መስመሮች በተሰመሩበት መስታወት ላይ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ምንም ካልታየኝ ወዲያው «የለም» ብዬ አልጽፍም፤ ፈሳሹን በማሽን አሽከርክሬ ከሥሩ የዘቀጠውን እንደገና አያለሁ፤ ጥቂት ዘሮች እዚያ ተሸሽገው ሊገኙ ይችላሉና። ጥቂትም ቢሆኑ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ናቸው። ይህን የሚያህል ወሬ የሚነግረን ምርመራ የሚያስፈልገው ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ዓይን ነው። አራትና አምስት ሆርሞን የሚለካው የደም ምርመራ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ኬሚካል ይፈልጋል፤ ዋጋው ተደምሮ የዘር ምርመራውን እጥፍ ድርብ ይሆናል። ወንዶቹ የሚመርጡት እንግዲህ ውዱን ነው። ኀፍረት ዋጋ አለው ማለት ነው።

ቤት ሆኖ ናሙና መስጠት የሚፈልግ ካለም እሺ እንላለን። ቅድመ ሁኔታው ይህ ብቻ ነው፤ ከእኛ የወሰደውን ዕቃ ይጠቀም፣ ሳሙናና ቅባት አይንካው፣ ከውስጥ ልብሱ አስጠግቶ በሰውነቱ ሙቀት ይዞት ይምጣ፣ ከአንድ ሰዓት አይዘግይ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2024 ከተከፈተ ወዲህ ከማዶ የሚመጡት በጊዜ ይደርሳሉ፤ ድሮ አሮጌው ድልድይ ላይ ሲጨናነቅ በባጃጅ ውስጥ ያለቀ ናሙና ብዙ ነው። አንድ ውጤት መጥፎ ቢሆን ደግሞ ፍርድ አይደለም። ዘር ተመርቶ እስኪጠናቀቅ 74 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ ዛሬ የምናየው ከሁለት ከሦስት ወር በፊት የተጀመረውን ነው፤ ያኔ ወባ ወይም ከባድ ትኩሳት ይዞት ከነበረ ምልክቱ አሁን ይታያል። ሐኪሙ ድጋሚ ማየት ከፈለገ ሰውየው እንደገና ይመጣል።

እኛ ላቦራቶሪ አሁን የተነሣው ክርክር ይህ ነው። ኃላፊዬ «የወንዶች የወሊድ ጤና ጥቅል» የሚል፣ የአምስት ሆርሞን የደም ምርመራ በቅናሽ የሚሰጥበት ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ይፈልጋል። ይሸጣል፤ አልጠራጠርም። የሚመጡትም እስካሁን ጨርሶ ያልመጡት ናቸው፤ ክንዱን የዘረጋ ወንድ እዚያው ወንበር ላይ እያለ ሊያናግሩት ይቻላል፣ እኔም ይህን ዕድል አልንቀውም። የምቃወመው ወረቀቱ ብቻውን መውጣቱን ነው። የዘር ምርመራ ያላደረገ ሰው በሆርሞን ውጤቱ ላይ «ይህ ምርመራ የመውለድ ችሎታን አያረጋግጥም» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ይታተምበት እላለሁ፤ የሣጥን ውስጥ መታወቂያ እንዳይሆን።

ሌላም ጥያቄ አቅርቤአለሁ። የምርመራ ማዘዣችን ላይ ለመካንነት የሚታዘዙት ምርመራዎች ከላይ እስከ ታች የሴት ናቸው፤ የወንዱ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ ለዚያውም ለመጻፍ በማትበቃ ጠባብ ቦታ ተቀምጧል። የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን የሚጻፍበት፣ ሁለቱም በአንድ ቀን የሚታዘዝላቸው ማዘዣ ሠርቼ ሰጥቼዋለሁ። ኃላፊዬ «ሰው ይሸሻል» ይላል። እኔ ደግሞ የሚሸሸው ያለዚህ ማዘዣም ሸሽቷል እላለሁ። አዲሱ የማዘዣ ጥራዝ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት መቋጫ ማግኘት አለብን።